በሰው ሲቆጠር፣ በዶላር ሲቆጠር

ኤፕሪል 12 ቀን 2020 (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ለኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን የሆሳዕና እሑድ ነበር። በዚያው ዕለት በአሜሪካ ሳውዝ ዳኮታ ግዛት በሱ ፎልስ ከተማ ስሚዝፊልድ የተባለው ኩባንያ ግዙፉን የአሳማ ቄራውን ላልተወሰነ ጊዜ እንደሚዘጋ አስታወቀ። ቄራው 3,700 ያህል ሠራተኞች ነበሩት፤ ኮቪድ ገብቶባቸው በመቶዎች የሚቆጠሩት ታመው ነበር። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ባለሙያዎች ቦታውን አይተው ባወጡት ማስታወሻ፣ በግቢው ውስጥ 40 ያህል ቋንቋዎች እንደሚነገሩ ጻፉ። በብዛት ከሚነገሩት ዐሥሩ መካከል አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛና ኩናማ አሉ።

እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገሩት በአብዛኛው የአሳማ ሥጋ ከማይበላበት ቤት የወጡ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። አንዳንዶቹ ዐቢይ ጾምን እየጾሙ፣ ሌሎቹ ሊገባ ሁለት ሳምንት ያልቀረውን ረመዳንን እየጠበቁ፣ በቀን 20 ሺህ ገደማ አሳማ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቢላዋ ይዘው ትከሻ ለትከሻ ይቆሙ ነበር። የእነሱ ነገር ራሱን የቻለ ዘገባ ይገባዋል። እኔ ዛሬ የማወራው በዚያው መስመር በሌላኛው ጫፍ ስላሉት ነው። ስሚዝፊልድ መዘጋቱን ባስታወቀበት መግለጫ፣ ለቄራው አሳማ የሚያቀርቡ ከ550 የሚበልጡ ቤተሰባዊ እርሻዎች እንዳሉም ጠቅሶ ነበር። የዚያን ሰሞን ካሜራው ሁሉ ባዶ ወደሆነው የሱፐርማርኬት መደርደሪያ ዞሮ ስለነበር፣ እነዚያ 550 እርሻዎች በማግስቱ ጠዋት ምን ገጠማቸው ብሎ የጠየቀ ብዙ አልነበረም።

የገጠማቸው ይህ ነው። እናት አሳማ ከተጠቃች በኋላ የምትወልደው በ3 ወር ከ3 ሳምንት ከ3 ቀን ነው። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ያህል ጠብተው ይነጠላሉ፤ በተወለዱ በስድስተኛው ወር ገደማ 130 ኪሎ ይሞላሉ። ያን ቀን መኪና መጥቶ ይወስዳቸዋል፣ በረቱ ይታጠባል፣ ቀጣዩ መንጋ ይገባል። ቀጣዩ መንጋ ደግሞ ከወራት በፊት ተፀንሶ፣ ተወልዶ፣ ተራውን እየጠበቀ ያለ ነው። ጤፍ ወይም በቆሎ ጎተራ ገብቶ የዋጋውን ቀን ይጠብቃል፤ በሬም ሳር እስካለ ድረስ አንድ ወር ቢቆይ ጉዳት የለውም። ለእርድ የደረሰ አሳማ ግን በየቀኑ መኖ እየበላ፣ እየከበደ፣ የቄራው ማሽን ከተሠራለት መጠን እያለፈ ይሄዳል። ገዢውም ከመጠን ላለፈው ዋጋ ይቀንሳል። ስለዚህ አርቢው ከገዢው ጋር ሲደራደር ጊዜ ምንጊዜም የገዢው ወገን ነው።

በዚያ ኤፕሪል ከሱ ፎልስ ቀጥሎ በሚኒሶታ ዎርዚንግተን ያለው የጄቢኤስ ቄራ፣ በአይዋ ዋተርሉ ያለው የታይሰን ቄራ ተዘጉ። ዎርዚንግተንም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩባት ትንሽ ከተማ ናት። ሜይ ሲገባ የአገሪቱ አሳማ የማረድ አቅም በ40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። አርቢዎች የአሳማውን እድገት ለማዘግየት ከመኖው ላይ ፕሮቲን ቀነሱ። ሙቀት ሲበዛበት አሳማ ብዙ ስለማይበላ የበረቱን ሙቀት ከፍ አደረጉ። ይህም ሳይበቃ ሲቀር፣ ያሳደጉትን አሳማ በገዛ እጃቸው ገድለው ቀበሩ። ሥጋ በሱቅ ተወዶ ሳለ የቁም አሳማ ዋጋ ወደቀ። ሸማቹ ተጨማሪ እየከፈለ አርቢው እየከሰረ፣ ልዩነቱ በመሃል ቀረ።

ይህ የኮቪድ ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

ወደ ዲሴምበር 1998 እንመለስ። ያን ወር በአይዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሚዙሪ የቁም አሳማ ዋጋ ለአንድ መቶ ፓውንድ ወደ 10 ዶላርና ከዚያም በታች ወረደ። አንድ የደረሰ አሳማ በሙሉ ከ25 ዶላር በታች ማለት ነው። ያንኑ አሳማ ለዚያ ለማብቃት የወጣው 100 ዶላር ገደማ ነው። የገንዘቡ የመግዛት አቅም ሲታሰብ በ1930ዎቹ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ከነበረው ዋጋም ያነሰ ነበር። ለዘመናት የመካከለኛው ምዕራብ ገበሬ የቤቱንና የመሬቱን ብድር የከፈለለት እንስሳ አሳማ ነው፤ ልጅ ኮሌጅ የገባው፣ ትራክተር የተገዛው በአሳማ ነው። ያን ገና እያንዳንዱን አሳማ በመኪና ጭኖ ባስረከበ ቁጥር ወደ 75 ዶላር ከኪሱ ጨምሮ እንደሚሰጥ የገባው ገበሬ፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ጭነት ማስቀረት አይችልም ነበር።

ለምን ደረሰ? አንዱ ምክንያት አሮጌ ነው። ዋጋ ጥሩ ሲሆን ሁሉም እናት አሳማ ያበዛል፤ በውሳኔውና በውጤቱ መካከል አሥር ወር ያህል ስላለ፣ ሁሉም ያረባው በአንድ ጊዜ ገበያ ይደርሳል፣ ዋጋው ይወድቃል። ከዚያ ብዙዎች ይተዉትና እጥረት ይፈጠራል፣ ዋጋው ተመልሶ ይነሳል። ጀርመናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አርቱር ሃናው ይህን ዑደት በ1920ዎቹ መጨረሻ አጥንቶ አሳይቷል። በ1998 ግን ሌላ ነገር ተደረበበት። በ1996 እና 1997 የነበረው ጥሩ ዋጋ የጋበዛቸው አዳዲሶቹ ግዙፍ እርሻዎች ምርታቸውን ሲያፈሱ፣ አንዳንድ ቄራዎች ደግሞ ቀድመው ተዘግተው ነበር። እስያና ሩሲያ በገንዘብ ቀውስ ውስጥ ስለነበሩ የውጭ ገዢ ሳሳ። አሳማ ተትረፈረፈ፣ የሚያርድ ጠፋ። ቀድሞ ውል ለነበራቸው በሩ ተከፈተላቸው፤ ውል የሌላቸው ትናንሾች በር ላይ ቆሙ። ሱቅ ውስጥ የሥጋው ዋጋ እምብዛም አልተነቃነቀም። መንግሥት በ1999 መጀመሪያ ለትናንሽ አርቢዎች 50 ሚሊዮን ዶላር መድቦ በአንድ አሳማ 5 ዶላር ደጎመ። አንድ አሳማ ላይ 75 ዶላር ለከሰረ ሰው 5 ዶላር ምን ያህል እንደሚያስታግስ አንባቢ ያስላው።

ታዲያ ያን ጊዜ ገበሬው ዞር ብሎ የጠየቀው ጥያቄ አለ። በየአሳማው የማዋጣለት፣ በስሜ የሚናገረው ማኅበር የት ነው ያለው?

ማኅበሩ ብሔራዊ የአሳማ ሥጋ አምራቾች ምክር ቤት ይባላል። ሥሩ በ1954 ከተቋቋመ የአርቢዎች ማኅበር ይመዘዛል፤ ዋና ጽሕፈት ቤቱ አይዋ፣ ዲሞይን ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ገበሬዎቹ በፈቃዳቸው ከሚሸጡት እያንዳንዱ አሳማ 5 ሳንቲም ማዋጣት ጀመሩ። እኔ ይህን ጅማሬ እወደዋለሁ። እንደ ዕድርና እንደ ዕቁብ ነው፤ ያመነ ይከፍላል፣ ያላመነ ገንዘቡን አስመልሶ ይወጣል፣ መሪው አባሉን ማሳመን ይኖርበታል። በ1985 ኮንግረስ ባወጣው ሕግ ግን መዋጮው የሁሉም ግዴታ ሆነ። ከ1986 መጨረሻ ጀምሮ በአሜሪካ የተሸጠ አሳማ ሁሉ፣ ከ100 ዶላር 25 ሳንቲም፣ ኋላም እስከ 45 ሳንቲም ይቆረጥበት ጀመር። ቆራጩ ገዢው ነው፤ ገንዘቡ ገበሬው እጅ ሳይደርስ ይቀነሳል። አርቢዎቹ ቼክኦፍ ይሉታል።

ገንዘቡን የሚያስተዳድረው አባላቱን የግብርና ሚኒስትሩ የሚሾማቸው ብሔራዊ የአሳማ ሥጋ ቦርድ ነው። ሕጉ በዚህ ገንዘብ ማስታወቂያ መሥራትና ምርምር ማካሄድ ይፈቅዳል፤ ባለሥልጣንን ለመወትወት፣ ሕግ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ ለመጎትጎት ማዋልን ይከለክላል። መወትወት የምክር ቤቱ ሥራ ነው። ችግሩ ግን ለዓመታት ቦርዱ ሥራውን በአብዛኛው ያሠራው በዚያው በምክር ቤቱ በኩል መሆኑ ነበር። ሁለቱ በወረቀት ላይ ሁለት ነበሩ፤ በተግባር ግን ሠራተኛና ቢሮ ይጋሩ ነበር። በ1987 የወጣውና የአሳማ ሥጋን እንደ ዶሮ ነጭ ሥጋ አድርጎ ለሸማቹ ያስተዋወቀው ዝነኛ መፈክር የተስፋፋው በዚህ መዋጮ ነው። ሸማቹ ሰማ፤ ገበያውም ሰፋ። ገበሬው ግን በዚያው ዓመታት ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ከሥራው ሲወጡ እያየ ነበር። በ1980 በአሜሪካ አሳማ የሚያረቡ እርሻዎች ከ600 ሺህ ይበልጡ ነበር። በ2022ቱ የግብርና ቆጠራ 60 ሺህ ገደማ ቀርተዋል። የአሳማው ቁጥር ግን አልቀነሰም። በአይዋ ብቻ ከ20 ሚሊዮን በላይ አሳማ አለ፤ ሰው 3 ሚሊዮን ትንሽ ቢያልፍ ነው።

ቁጣው የተጠራቀመው ከዚህ ነው። በ1997 ደግሞ አንድ ነገር ይፋ ወጣ። ምክር ቤቱ ከመዋጮው ገንዘብ ለአንድ አማካሪ ድርጅት ከፍሎ፣ በአይዋ፣ በሚኒሶታና በሚዙሪ ለትናንሽ አርቢዎች የሚሟገቱ ማኅበራትን እንቅስቃሴ አስጠንቶ ነበር። የገዛ ገንዘባቸው እነሱኑ ለመከታተል መዋሉን የሰሙ ገበሬዎች ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም። እነዚያው ማኅበራት ተባብረው መዋጮው ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለው ለድምፅ እንዲቀርብ ፊርማ ማሰባሰብ ያዙ። ከ19 ሺህ በላይ አርቢዎች ፈረሙ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገና ኮምፒውተር በየቤቱ አልገባም። ፊርማው የተሰበሰበው በእህል መጋዘን በር ላይ፣ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ በገበሬው ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ ነው።

ድምፁ በ2000 ተሰጠ። ደንቡ ቀላል ነበር፤ አንድ አርቢ አንድ ድምፅ። ሃምሳ አሳማ ያለውም ሃምሳ ሺህ ያለውም እኩል። ጃንዋሪ 11 ቀን 2001 የግብርና ሚኒስትሩ ዳን ግሊክማን ውጤቱን አስታወቁ። ይቁም ያሉ 15,951፣ ይቀጥል ያሉ 14,396። ግሊክማን መዋጮው እንዲቋረጥ አዘዙ። የክሊንተን መንግሥት ሥልጣን ሊያስረክብ የቀረው ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር።

ምክር ቤቱና የሚቺጋን አርቢዎች ማኅበር ፍርድ ቤት ሄዱ። ፊርማው በደንብ አልተጣራም፣ ድምፅ መስጫው መጀመሪያውንም መጠራት አልነበረበትም አሉ። ከዚያ አዲሲቷ ሚኒስትር አን ቬነማን ፌብሩዋሪ 28 ከከሳሾቹ ጋር ተስማሙ። በስምምነቱ መሠረት ቦርዱና ምክር ቤቱ ቢሯቸውንና ሠራተኞቻቸውን ይለያያሉ፤ መዋጮው ግን ይቀጥላል። 15,951 ሰው ይቁም ያለው ነገር በሁለት ወር ውስጥ እንደነበረ ሆነ። ስለ ፊርማው ማጣራት የቀረበው አቤቱታ እውነት ይኑረው አይኑረው፣ የተሰጠው ድምፅ የአርቢዎች ድምፅ መሆኑን ማንም አልካደም። ለእኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ይህ ነው።

የፍርድ ቤቱ ክርክር ግን አላበቃም። በኦክቶበር 2002 በሚቺጋን ዳኛ ሪቻርድ ኤንስለን፣ ሰው ለማይስማማበት ንግግር እንዲከፍል ማስገደድ የመናገር ነጻነትን ይጥሳል ብለው ግዴታውን ሻሩ። በ2003 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አጸናላቸው። ሜይ 2005 ላይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመሳሳይ የበሬ ሥጋ መዋጮ ጉዳይ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ሌላ ወሰነ። ማስታወቂያው የመንግሥት ንግግር ነው፤ ዜጋ ለመንግሥት ንግግር በግብርም በመዋጮም ቢከፍል መብቱ አልተነካም አለ። የአሳማውም ፍርድ በዚህ ተሽሮ መዋጮው ጸና። ውሳኔው ለሕግ ሰው ትርጉም ይኖረዋል። ለገበሬው ግን የደረሰው መልእክት፣ ከእያንዳንዱ አሳማው ላይ ተቆርጦ በስሙ የሚነገረው ነገር በሕግ ፊት የእሱ ንግግር አይደለም የሚል ነበር። እንግዲህ የማን ነው? በድምፁ ሊያስቆመው አልቻለም፤ የእኔ አይደለም ብሎም ሊከስ አልቻለም። ከሁለት ያጣ ሆነ።

የመለያየቱን ልክ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። በ2006 ቦርዱ ያንን የነጭ ሥጋ መፈክር ከምክር ቤቱ ላይ ገዛ። ዋጋው ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ከነወለዱ በየዓመቱ 3 ሚሊዮን እየተከፈለ ለ20 ዓመት የሚዘልቅ። መፈክሩ የታወቀውና ዋጋ ያገኘው ገበሬዎቹ ለዓመታት ባዋጡት ገንዘብ ነበር። በ2011 ቦርዱ ራሱ መፈክሩን ትቶ አዲስ አወጣ፤ ለአሮጌው የሚከፈለው ግን ቀጠለ። ለመወትወት እንዳይውል ሕግ የከለከለው ገንዘብ በዚህ መንገድ የወትዋቹ ማኅበር ገቢ ሆነ። አንድ የአይዋ አርቢ፣ የአይዋ ማኅበረሰብ ድርጅትና የእንስሳት ደኅንነት ተሟጋቾች ተባብረው ከሰሱ። ዳኛ ኤሚ በርማን ጃክሰን በ2018 ግብርና ሚኒስቴሩ ክፍያውን ማጽደቁ አግባብ አልነበረም ብለው ፈረዱ። ከሽያጩ 12 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ምክር ቤቱ ለአርቢው ምንም አልሠራም ማለት ግን ሐሰት ነው። አሜሪካ ከምታስገባው የምትልከው የአሳማ ሥጋ የበለጠው በ1995 ነው፤ ዛሬ ከምርቷ ሩብ ያህሉ ወደ ውጭ ይሄዳል። ሜክሲኮ በብዛት ትገዛለች፣ ጃፓን ጥሩ ዋጋ ትከፍላለች። እነዚህ በሮች በራሳቸው አልተከፈቱም፤ የምክር ቤቱ ሰዎች ዋሽንግተን ተቀምጠው ለእያንዳንዱ የንግድ ስምምነት ተሟግተዋል። በ2018 ዶናልድ ትራምፕ በብረትና በአሉሚኒየም ላይ ቀረጥ ሲጥሉ ቻይናና ሜክሲኮ አጸፋውን ያሳረፉት በአሳማ ሥጋ ላይ ነበር። ቻይና ኤፕሪል ላይ 25 በመቶ፣ የንግዱ ጠብ ሲሰፋ ደግሞ ጁላይ ላይ ሌላ 25 በመቶ ጨመረች፤ ቀድሞ ከነበረው 12 ጋር 62 በመቶ ሆነ። ሜክሲኮ 10፣ ከዚያ 20 በመቶ ጣለች። ብረት አቅልጦ የማያውቅ የአይዋ ገበሬ የብረትን ጠብ ዕዳ ከፈለ። መንግሥት ካሳ ብሎ ለአንድ አሳማ 8 ዶላር ሰጠ። ምክር ቤቱ ያን ጊዜ ገንዘቡን ሳይሆን ገበያችንን መልሱልን ብሎ ጮኾ ነበር፤ የሜክሲኮው ቀረጥ በ2019 ሲነሳ ድሉ የሁሉም አርቢ ነበር። የውጭ ገበያ ሲሰፋ ትልቁም ትንሹም ይጠቀማል። ጥቅማቸው አንድ በሆነበት ቦታ ውክልናው ሠርቷል።

ጥቅማቸው የሚለያየው አርቢውና ቄራው ፊት ለፊት የቆሙ ጊዜ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው አሳማ በዕለቱ ገበያ በዋጋ ድርድር ይሸጥ ነበር። ዛሬ እንዲያ የሚሸጠው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው። የቀረው በውል ይሄዳል ወይም ከጅምሩ የኩባንያው ንብረት ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ኩባንያው ግልገሉን፣ መኖውን፣ መድኃኒቱን ያመጣል። ገበሬው በባንክ ብድር 2,400 አሳማ የሚይዝ በረት ይሠራል፤ ጉልበቱን፣ መብራቱን፣ ፍጉንና ሽታውን ይሸከማል፤ ክፍያው በሚያኖረው አሳማ ቁጥር ይታሰባል። የ1998ን ገና ያየ ሰው ይህን ውል ለምን እንደፈረመ ይገባኛል፤ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ። ከዋጋ መውደቅ ይጠብቀዋል፣ ባንኩም ውሉን አይቶ ያበድረዋል። ነገር ግን ብድሩ ከ10 እስከ 15 ዓመት ሲዘልቅ ውሉ ከዚያ በፊት ሊያልቅ ወይም ሊቋረጥ ይችላል። በ2023 መጨረሻ ስሚዝፊልድ በዩታ ከ26 የአሳማ እርሻዎች ጋር የነበረውን ውል እንደሚያቋርጥ አሳወቀ። ለአሳማ ብቻ የተሠራ፣ አሳማ የሌለው ረጅም በረት ለምን ይሆናል?

ስሚዝፊልድ ራሱ በ2013 በቻይናው ደብልዩኤች ግሩፕ ተገዝቷል። ጄቢኤስ የብራዚል ነው፤ በ2015 የካርጊልን የአሳማ ሥጋ ዘርፍ ጠቅልሎ ገዛ። አራቱ ትልልቅ ኩባንያዎች ከአገሪቱ የአሳማ እርድ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ይዘዋል። ስሚዝፊልድ ራሱ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ እናት አሳማዎች ስላሉት አርቢም ነው፣ አራጅም ነው። በምክር ቤቱ መዋቅር ውስጥም የቄራ ኩባንያዎች ወንበር አላቸው። በሬ ካራጁ ይውላል የሚለው ተረት ያለ ምክንያት አልተተረተም። በ2010 የግብርና ሚኒስቴር አንድ ደንብ አረቀቀ፤ አርቢ በቄራ ኩባንያ በደል ደረሰብኝ ሲል በቀላሉ እንዲከስ፣ ለትልቁ አቅራቢ የተሰጠ ዋጋ ለትንሹ ለምን እንደተነፈገ ኩባንያው እንዲያስረዳ የሚያደርግ ነበር። በ1921 የወጣውን ጸረ ሞኖፖሊ የቄራዎችና የከብት ገበያዎች ሕግ ጥርስ ለማብቀል የታሰበ ነው። የአሳማ አምራቾች ምክር ቤት ደንቡ ወጪ ያበዛል፣ ክስ ያጎርፋል ብሎ አጥብቆ ተቃወመ። በ2017 ረቂቁ ውድቅ ሲደረግ ምክር ቤቱ ደስታውን ገለጸ። በስሙ የተቃወሙለት ትንሹ አርቢ ግን ደንቡ ቢወጣ ይጠቀም የነበረው እሱ ነው።

በካሊፎርኒያው ጉዳይም እንዲሁ ሆነ። የግዛቲቱ ሕዝብ በ2018 በሰጠው ድምፅ፣ እናት አሳማዋ ቢያንስ 24 ካሬ ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ካሬ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ቦታ ያላገኘች እንደሆነ ከእሷ የተወለደው አሳማ ሥጋ በካሊፎርኒያ እንዳይሸጥ ወሰነ። ካሊፎርኒያ ከአገሪቱ የአሳማ ሥጋ 13 በመቶ ያህሉን ትበላለች። ምክር ቤቱ ከአሜሪካ ገበሬዎች ፌዴሬሽን ጋር ሆኖ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ሜይ 11 ቀን 2023 በ5 ለ 4 ድምፅ ተሸነፈ። በረትን አፍርሶ መሥራት ውድ መሆኑን ያነሱት እውነታቸውን ነው፤ ያ ዓመት መኖ ተወዶ አርቢው በየአሳማው የከሰረበት ዓመት ስለነበር ስጋታቸው ባዶ አልነበረም። ሆኖም እናት አሳማን በጠባብ ብረት ሳጥን ሳይሆን በሰፊ ቦታ የሚያረቡ፣ ካሊፎርኒያ የከፈተችውን ገበያ እንደ ዕድል ያዩ አርቢዎችም ነበሩ። እነሱም ቼክኦፉን ይከፍላሉ። ለእነሱ ማን ተሟገተ?

ወደ ድምፅ አቆጣጠሩ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚያ ነው። በየዓመቱ የየግዛቱ ተወካዮች ተሰብስበው የመዋጮውን መጠን ለሚኒስትሩ ሐሳብ ያቀርባሉ፣ ለቦርዱም ዕጩ ይመርጣሉ። እያንዳንዱ ተወካይ የሚይዘው የድምፅ ክብደት ግን በአርቢው ቁጥር አይለካም፤ ከግዛቱ በተሰበሰበው መዋጮ ነው የሚሰላው። ብዙ አሳማ የሚሸጥ ብዙ ያዋጣል፣ ብዙ ያዋጣም ብዙ ይመዝናል። በአክሲዮን ማኅበር ይህ ተገቢ ነው፤ ባለ አክሲዮኑ ወድዶ ገብቷልና፣ ሲፈልግም ሸጦ ይወጣልና። እዚህ ግን መግባቱ በሕግ ግዴታ ነው። በሰው ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ2000 ነው፤ ያን ጊዜ ይቁም የሚለው አሸነፈ። ከዚያ ወዲህ በዶላር እየተቆጠረ ይቀጥላል። እኔ ከሁለቱ የሚከብድብኝ የቱ እንደሆነ ሳልሸሽግ እናገራለሁ። ሰው ተገድዶ የሚከፍልበት ማኅበር ሰውን በሰውነቱ መቁጠር አለበት።

ከምክር ቤቱ ሰዎች የሚሰማው መከራከሪያ፣ 60 ሺህ ከሚሆኑት እርሻዎች ብዙዎቹ ጥቂት አሳማ ለቤት የሚያኖሩ ስለሆኑ ከሥጋው አብዛኛውን በሚያመርቱት ላይ እኩል ድምፅ ሊኖራቸው አይገባም የሚል ነው። ክብደት ያለው መከራከሪያ ነው። ሆኖም ምክር ቤቱ ኮንግረስ ፊት ሲቀርብ ስለ ገበያ ድርሻ አያወራም። የሚያወራው ስለ ቤተሰብ እርሻ፣ በ60 ሺህ አርቢዎች ስም ነው። በቁጥራቸው የሚምል ማኅበር በቁጥራቸው ሊጠየቅ ይገባል።

ሴናተር ማይክ ሊ ከዩታ፣ ሴናተር ኮሪ ቡከር ከኒው ጀርሲ፣ አንዱ ሪፐብሊካን ሌላው ዴሞክራት፣ በ2017 አንድ ረቂቅ ሕግ አብረው አቀረቡ። የሚጠይቀው ብዙ አይደለም። የመዋጮ ቦርዶች መንግሥትን ከሚወተውቱ ማኅበራት ጋር ውል እንዳይገቡ፣ በጀታቸውንና ወጪያቸውን ለከፋዩ ገበሬ በዝርዝር እንዲያሳዩ፣ በየጊዜው ኦዲት እንዲደረጉ ነው። ቡከር አትክልት ብቻ የሚበሉ ሰው ናቸው፤ ሊ ደግሞ ስለ እንስሳት ጉዳይ ሳይሆን ሰው ያለ ፈቃዱ ስለሚከፍለው ገንዘብ ነው የተነሱት። ከጀርባቸው የቆሙት የአይዋና የሚዙሪ አሳማ አርቢዎች ከሁለቱም ጋር ብዙ የሚያመሳስላቸው የለም። ረቂቁ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ተመልሶ ቀርቧል። የአሳማውና የበሬው ሥጋ ትልልቅ ማኅበራት ይቃወሙታል። እስካሁን ሕግ ሆኖ አልጸደቀም፤ መዋጮውም በጃንዋሪ 2023 ከ100 ዶላር 35 ሳንቲም ሆነ፤ አሁንም አሳማው በተሸጠ ቁጥር ገንዘቡ ገበሬው እጅ ሳይገባ ይቆረጣል።